ውሃ የመጣ ማታ

ቆዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ከመስኮታችን ማዶ የጤፍ ማሳ፣ ከማሳው ማዶ ጅብ።
ነገደ ከካልሲ ውስጥ አወጣት፣
ጓደኛው ከዱባይ ያመጣለትን፣
ጥቁር፣ ለስላሳ፣ አውራ ጣት የምታህል ነገር።
«ስሟ ማነው?» አልኩት።
«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።
አሥራ አንድ ዓመት በትዳር፣ ሁለት ልጅ፣ አንድ የዕቁብ ዕዳ፣
እንዲህ ሲያፍር አይቼው አላውቅም።
ለካ ሰው የሚያፍረው በራበው ነው እንጂ
በበላው አይደለም።

የመጀመሪያው ማታ ችኮላ ነበር።
ልጆቹ እናቴ ዘንድ፣ መብራቱ ሊሄድ ሲል፣
እኔ የፀጉር ቅባት ይዤ፣
እሱ ጥርሱን ነክሶ፣ ትራሱን ጨብጦ፣
እንደ ዘማች።
«አመመህ?»
«ቀጥይ።»
አልቀጠልኩም። ላቡ ቀዝቃዛ ነበር።

ሐሙስ ፋርማሲ ሄድኩ፣ ታክሲ ማዞሪያው ጋ።
ከኋላዬ የሳል ሽሮፕ የምትጠብቅ ሴት።
«ለጓደኛዬ ነው» አልኩ በሹክሹክታ።
ሲስተር ዘቢደር አልሳቀችም፤
የብልቃጥ አቧራ እየጠረገች፣
«ለጓደኛሽ ንገሪያት» አለች፣
«ያ በር ከውስጥ የሚቆለፍ ነው።
ከውጭ ገፍቶ የከፈተው የለም፣ የሰበረው እንጂ።
ይንኳኳል፣ ይጠበቃል፤
ባለቤቱ ሲተነፍስ ራሱ ይለቃል።
ደግሞ ያ ቤት የራሱ ምራቅ የለውም፤
ይሄን በውሃ የተሠራ ጄል ስጫት፣
አትሰስት፣ ሲደርቅ ትድገም።
የፀጉር ቅባቱ ለፀጉር ይሁን፣ ኮንዶም ይበላል።»
«የሚያደነዝዝ ነገርስ?»
ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።
«ሕመም ዘበኛ ነው።
ዘበኛውን አስክራ በሩን እንዳትከፍት።»

ገንዘቤን ስቆጥር፣
«ዕቃዋ መቀመጫ አላት?»
«ምን?»
«ታችዋ ሰፊ ነው ወይ? እንደ ሕፃን ማጽናኛ ጡጦ?
መቀመጫ የሌለው ገብቶ ይቀራል።
ባለፈው ክረምት አንድ ሰው ከቱሉ ዲምቱ መጣ፣
ባጃጅ ውስጥ ተንበርክኮ፤
የሽቶ ክዳን ነበር።
ሦስት ቀን አፍሮ ተደብቆ።
ክዳኑ አይደለም ያቆሰለው፣ ሦስቱ ቀን ነው።
ደም ካየች ትቁም፤ ካልቆመላት ወደ ሐኪም፤
እዚያ የነበረ ሳይታጠብ ሌላ ቦታ አይሄድም።
በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ በፊትም በኋላም።»

ውሃ!
እኛ ብሎክ ውሃ የሚመጣው ማክሰኞ ማታ ነው።

አምስት ቀን ጠበቅን።
ከሥራ ይደውላል፣ ታክሲ ውስጥ ሰው እየሰማው፦
«ውሃ መጣ?»
«አልመጣም።»
በሁለቱም ጫፍ ሳቅ።
ቢጫዎቹ ጀሪካኖች በረንዳ ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲያዳምጡን፣
ከሠርጋችን ወዲህ ማክሰኞን እንዲህ ናፍቄ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ቧንቧው ሳለ።
ዝገት ተፋ፣ ከዚያ ጠራ።
ጥፍሬን ቆረጥኩ። ፎጣ አነጠፍኩ።
በጎኑ ተኛ፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣
ጄሉን በመዳፌ አሞቅሁት።
መጀመሪያ ጣት፣ ማንኳኳት ብቻ።
«ተንፍስ።» ተነፈሰ።
ጀርባው ላይ ያለው ሽክም፣ የሹፌርነቱ፣ የዕዳው፣
የ«ወንድ ልጅ» መባሉ፣ ቀስ እያለ ወረደ።
«ቆይ» አለ።
ቆየሁ።
ማሳው ውስጥ ጅቡ ሁለቴ ጮኸ።
«እሺ» አለ፣ «አሁን ትንሽ።»

ያቺን «ቆይ» አልረሳትም።
በአሥራ አንድ ዓመት እሱም ብሏት አያውቅም፣
እኔም።
እኔ ስንት ማታ ጣሪያ ቆጥሬያለሁ፣
ያቺ ቃል ለእኔም እንደምትሠራ ሳላውቅ።
ነገርኩት፣ እዚያው፣ እጄ ጀርባው ላይ እንዳለ።
ዝም አለ። ከዚያ መዳፌን ስቦ ሳመው፣ ከነጄሉ፤
ሳቅን፣ አልጋው ጮኸ።

በኋላ፣ ዕቃዋ ታጥባ ፎጣ ላይ ተቀምጣ፣
በሩ ተንኳኳ፤ ጎረቤታችን ወይዘሮ ሽታዬ፣
«ለእናንተ ውሃ መጣላችሁ?»
ነገደ ፎጣ አገልድሞ፣ በሙሉ ድምፁ፣
«ኧረ መጣ!»